ወገብ ላይ የሚቀር በር

ቦኔር ላይ ሰባት ቀን ከፈልኩ፣ ለባሕር ለፀሐይ፤
ሆዴን ለአሸዋው፣ ጀርባዬን ለሰማይ
ልሰጥ ነበር የመጣሁት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤
ካርታዋን እንኳ በቅጡ ዘርግቼ አላየሁም።

በሦስተኛው ማለዳ ሬይኒልዳ መጣች፣
የሚኒባሷን ጥሩንባ ደጋግማ አስጮኸች።
«ባሕሩ የት ይሄዳል? ነገም እዚሁ አለ፤
ተነስ፣ ወደ ደቡብ፣ ጥላው ገና ሳለ።»

ሄድን።
በግራችን ጨው፣ በቀኛችን ባሕር፣
መካከሉ መንገድ፣ እንደ ተወጠረ ክር።
የጨው ኩሬው ቀለም፣ ምን ልበለው? እንጃ፤
ወይን የፈሰሰበት የሠርግ ቤት ስጋጃ።
ፍላሚንጎዎቹ በቀጭን እግር ቆመው
ጥላቸውን ከውኃው ይለቅማሉ አጎንብሰው።
የዛሬው ጨው ወዲያ ማዶ፣ በማሽን እየተቆለለ፣
መርከብ እየጠበቀ ፀሐይ ሲልሰው ዋለ።

ከዚያ ቤቶቹን አየሁ።
ቤት ከተባሉ።
በዳርቻው ተሰልፈው፣ ፊታቸው ለማዕበል፣
ሁለት ሰው ቢተኛ አራት እግር ደጅ የሚውል።
ጣሪያቸው ለራሴ፣ በራቸው ለወገቤ።

«እዚህ ነበር የሚያድሩት፣» አለች ሬይኒልዳ፣
«ጨው አፋሾቹ ባሮች፤ ጀርባ ሲላጥ፣ ዓይን ሲጎዳ።
የእናቴ ቅድመ አያት ከነሱ አንዱ ነበር፤
ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ ከአህዮቹ በታች፣ ከዋጋው ጋር።»

ልገባ ጎነበስኩ፤ አልበቃም መሰል፣
ገጭ አለ ግንባሬ፤ ኮከብ አየሁ በቀትር፣ ብልጭ ድርግም ሲል።
ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች፤ «ሁሉንም ይመታዋል፤
ቀና ያለ ሰው አይወድም ይህ በር፤ ለዚያ ተሠርቷል።»

ውስጡ እንደ ሆድ ይሞቃል።
ስም ተጭሮ ባገኝ ብዬ ግድግዳውን ዳበስኩ፤
ኖራው አዲስ ነው፣ ዝም ያለ። ጣቴን አንስቼ ላስኩ።
ጨው።

«ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ» ይባላል ባገሬ፤
ይህች ተረት መጣችብኝ፣ እያበጠ ግንባሬ።
ጨውስ ጣፍጦ ነበር፤ ማን ድንጋይ ነህ አለው?
በመርከብ፣ በክብር ሄደ። አፋሹ ነው የቀረው፣
ድንጋይ ተብሎ የተጣለው።

«ሳምንቱ አልቆ ሲለቋቸው ይሄዱ ነበር ሪንኮን፣
ሰባት ሰዓት በእግር፣ ሚስትና ልጅ ሊያዩ አንድ ቀን፤
ከዚያ ሰባት ሰዓት ደግሞ፣ ተመልሶ ወደ ጨው።»
እኛ ሬዲዮ እየሰማን፣ መስኮቱን ዘግተን፣
ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው የፈጀብን።
ቁልቋል፣ ፍየል፣ ቁልቋል፣ የባዘነ አህያ፣ ቁልቋል፤
በየመዞሪያው ግን እግሩን የሚያሳርፍ ሰው ያለ ይመስላል።

አክስቷ ግቢ ማሽላ ተሰጥቷል።
«ማሽላ? እዚህ?» ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤
የማውቀው እህል ከማላውቀው አፈር። ደንግጬ መለስኩ።
ጎረምሶቹ መከሩን አስገብተው ኖሮ
እጅ ለትከሻ ተያያዙ፣ ተመታ ከበሮ፤
ወደ ፊት ይረግጣሉ፣ ወደ ኋላ ይረግጣሉ።
«የመከር ጭፈራ ነው፤ ደስታ ነው፣» ይላሉ።
ይሁን፤ ደስታ ነው።
እኔ ግን እግራቸው ላይ ያን መንገድ አየሁት፣
የቅዳሜውን መሄጃ፣ የእሑዱን መመለሻ፣ ሌሊት።

ዶሚንጋ፣ አክስትዬዋ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት፣
ግንባሬን አየችና አልጠየቀችም ከየት።
ቀዝቃዛ ማንኪያ አምጥታ እብጠቴ ላይ ለጠፈች፤
«ያ በር!» ብቻ አለች፣
እንደሚነከስ የጎረቤት ውሻ ስሙን እየጠራች።

የፍየሉ ወጥ ቀረበ፤ ቆመች ከጎኔ፣
«ጨው በቅቶታል ወይ?» አለች፣ ዓይኗን ተክላ በዓይኔ።

ከየት ጀምሬ ልመልስ?
ማንኪያውን ከግንባሬ አነሳሁ፣
ሳህኑ ላይ ጎነበስኩ፤
በዚህ ጊዜ በደንብ።